ደብዛዛው አምፖል

እንዳለ ሁለቱን የሽቦ ጫፎች አጣመረ። በፒያሳው ራዲዮ መጠገኛ መስኮት ላይ የተንጠለጠለው አምፖል ቦግ አለ።

«ጎበዝ ፀሐዬ!» አለ ሻምበል እምሩ ከመጋረጃው ጀርባ። ሽጉጡን ጭኑ ላይ አጋድሟል። «አሁን ትመጣለች።»

ፀሐዬ የእንዳለ የሽፋን ስም ነው። የደኅንነት ቴክኒሻን መስሎ በደርግ ጉያ ውስጥ ሁለት ዓመት ኖሯል፤ ልቡ ግን ደርግን ከሚታገለው ኅቡዕ ድርጅት ጋር ነው። ይህንና እውነተኛ ስሙን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ነበሩ። አጥናፉ ባለፈው ወር ተገደለ። የቀረችው አስካለ ናት፤ ዛሬ አድፍጠው የሚጠብቁት እሷን ነው።

የቀጠሮዋን የአምፖል ምልክት ለሻምበሉ የሸጠው የገዛ ጓዷ ነጋሽ ነው። ሻምበሉ አጠገብ ተቀምጦ ጥፍሩን ይበላል።

«አምፖሉ ከደመቀ ትገባለች» አለ ነጋሽ። «ከጠፋም መብራት ሄደ ብላ ትገባለች። ከደበዘዘ ግን ታልፋለች፤ ከአዲስ አበባም ወጥታ አትመለስም።»

ለጠዋቱ አራት ሰዓት አምስት ጉዳይ ነው። ማጥፋት አይጠቅምም። ማደብዘዝ አለበት፣ ያውም በሻምበሉ ዓይን ሥር።

ጠጋኝ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ይህ አምፖል ከታመመው ራዲዮ ጋር በአንድ መስመር ይቀጠላል። ጫፎቹ ከተነካኩ ኮረንቲው ከልካይ ስለሌለው ይጎርፋል፤ አምፖሉ ይደምቃል። መሀል ላይ ኮረንቲውን በከፊል የሚያግድ ነገር ከገባ፣ ቮልቱ ያው ሁለት መቶ ሃያ ቢሆንም ኮረንቲው ይሳሳል። ነጋሽ ግን አምፖሉ እንዳይደበዝዝ ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ራዲዮ ሁሉ አስነስቷል።

የቀረው የእንዳለ የራሱ ሥጋ ነው።

አስካለ ፊቷን በነጠላዋ ተከናንባ ከአትክልት ተራ በኩል ብቅ አለች፤ በአረማመዷ ያወቃት እንዳለ ብቻ ነው።

«ሻምበል፣ ጫፉ ላልቷል። ላጥብቀው?»

«ቶሎ በል!»

ደረቅ ጣት በቂ ኮረንቲ አያሳልፍም፤ አምፖሉ ይጠፋል። ስለዚህ የቀኝ አውራ ጣቱንና ሌባ ጣቱን ጠረጴዛው ላይ ቀዝቅዞ የቀረው ሻይ ውስጥ ነከረ። ግራ እጁን ኪሱ ከተተ፤ ከእጅ ወደ እጅ ካለፈ ልብ ያቆማል። ፈራ። በጣም ፈራ። ጫፎቹን ለያይቶ፣ ሳይነካኩ በሁለቱ ጣቶቹ መሀል ጨበጣቸው።

ኮረንቲው ያዘው።

ጣቶቹ ተቆለፉ። አምፖሉ እንደ ፍም ቀላ።

አስካለ አንዴ ቀና አለች። እርምጃዋን ሳትቀይር አለፈች። ወደ ኋላ አላየችም።

«ደበዘዘ!» ብሎ ጮኸ ነጋሽ።

«ዝም በል! ሰውየውን ኮረንቲ ይዞታል!» ሻምበሉ ዘሎ ሶኬቱን ነቀለ።

አምፖሉን መልሰው አብርተው እስከ ስድስት ሰዓት ጠበቁ። ማንም አልገባም። ሻምበሉ የነጋሽን ኮሌታ አነቀ።

«እስከ መቼ ልትቀልድብኝ ነው?»

«እሱ ነው ያደበዘዘው! ሆን ብሎ ነው፣ ጌታዬ!»

«አውቆ ራሱን የሚያቃጥል ምን ዓይነት ጅል አለ?» ወታደሮቹ ነጋሽን እየጎተቱ ወሰዱት።

አራት ኪሎ ክሊኒክ ውስጥ ነርሷ የእንዳለን ሁለት ጣቶች በፋሻ ጠቀለለች። ጣቶቹ ከእንግዲህ ቀጭን ሽቦ መያዝ እንደማይችሉ ነገረችው።

«ስም?»

«ፀሐዬ።»

«የሚጠይቅዎት ዘመድ አለ?»

«የለም» አለ። ሁለት ዓመት ሙሉ ለሽፋን የሚለው ውሸት ነበር፤ ዛሬ እውነት ሆነ። ወጥቶ ታክሲ ከሚጠብቁት ሰዎች መሀል ቆመ። በዚያች ከተማ «እንዳለ» ብሎ የሚጠራው ሰው አልቀረም።