ግራጫ በግራጫ ላይ

ሃጀር ፍላሹን በሂጃቧ እጥፋት ውስጥ ሸሸገችና ከወንበሯ ተነሣች።

«ኸይሪያ!»

እዚህ ባሕር ማዶ፣ ፖላሪስ ባለው ቢሮ ውስጥ ስሟ እሱ ነው። ቆመች። የጠራት ፕሮግራሙን የሚጽፈው ቢሩክ ነው።

«ዛሬም ያቺን ግራጫ ነገር ሪፖርት ልታደርጊ ነው? ማሪኝ እባክሽ።»

«አስተካክለህ ዓይኔን ብታድንልኝ እምርሃለሁ።»

ሳቀ። አለፈ።

ሥራዋ የቀለም ጉድለት ማደን ነው። «ልዑክ» የተባለው የመልእክት ፕሮግራም ገና በቅድመ ሙከራ እትም ላይ ነው፤ ጥቁሩ ገጽታ ሲመረጥ ከመስኮቱ ግርጌ ያለው ግራጫ ጽሑፍ በግራጫ መደብ ይዋጣል። መለኪያዋ ጽሑፍ አለ ይላል፣ ዓይን ግን አያየውም። ሦስት ጊዜ አመለከተች። ቢሩክ ሦስቴም «አይስተካከልም» ብሎ ዘጋው። ማንም የማያነበውን ለማን ብለው ይጽፉታል? ስንፍና ነው እንዳይባል፣ ስንፍና እንዲህ አይጸናም።

እንድትሰልል ወደዚህ የላካት የግፍ ምስክሮችን ቃል የሚሰበስብ ኅቡዕ ቡድን ነው። አምና ደሴ ላይ የመለመለችው ኡሳማ በ«ልዑክ» አንድ መልእክት ላከ። በሦስተኛው ቀን የጸጥታ ሰዎች ወሰዱት። ከዚያ ወዲህ ስክሪን በጠቆረ ቁጥር ፊቱ ከውስጥ ያያታል።

ስልኳ ነዘረ። አለቃዋ ነው። የምስጢር ስሙ «ዋርካ»።

«ልጄ፣ ፓርኪንጉ ውስጥ ነኝ። ፍላሹን ከእኔ በቀር ለማንም።»

«እሺ።»

«ምስክራችን ሰዓዲያም የኡሳማ መቃብር የት እንዳለ ሰባት ሰዓት ላይ ትልካለች።»

«በምን?»

«በልዑክ። ሌላ መንገድ የለም።»

ኡሳማም የላከው በዚያው ነበር።

ላፕቶፗን ይዛ መጸዳጃ ቤት ገብታ ቆለፈች። የቢሮው ማሽን እያንዳንዷን ንክኪ ይመዘግባል፤ የራሷ ላፕቶፕ ግን ነፃ ነው። ፍላሹ ላይ ያለውን የ«ልዑክ» ቅጂ ከፈተች። በግራጫው ላይ ማውሱን ጎተተች። ፊደሎቹ ማውሱ ከሚያቀልመው ሰማያዊ ውስጥ ብቅ አሉ። ፕሮግራመሮቹ ለራሳቸው መፈተሻ የተዉት ነው።

«የሚላከው ሁሉ ቅጂ ለእነዚህ ይድረስ፦ ምሰሶ፣ ገደል፣ ጋሼ ዋርካ።»

ጋሼ።

ስሙ ብቻውን ቢሆን አጋጣሚ ነው ትል ነበር። ለምስጢር ስም ጋሼ የሚል ግን ማን ነው? ሽበቱን ያየ፣ አብሮት የተቀመጠ ሰው ነው። ቢሩክ በጨዋ ቤት ያደገ ልጅ ነው፤ ታላቅን በደረቁ መጥራት ጣቱ እንቢ ብሎታል። ሰው ለማሳረድ ግን እንቢ አላለም።

ስድስት ሰዓት ከሠላሳ አምስት። ከ«ልዑክ» ውጭ ሰዓዲያን ማግኘት የሚችለው ዋርካ ብቻ ነው፤ በ«ልዑክ» ብትጽፍላት ደግሞ ቅጂው ለእሱ ይደርሳል።

ግን «ልዑክ»ን የከፈተ ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው የታወቁ ጉድለቶች ማስታወቂያ ነው። የምትጽፈው ደግሞ እሷ ናት።

ወደ ጠረጴዛዋ ሮጠች።

«በጥቁር ገጽታ ግርጌ ያለው ጽሑፍ አይታይም። በማውስ ጎትታችሁ አንብቡት።»

ላከችው።

ቢሩክ ከስክሪኑ ቀና አለ። ፊቱ አመድ ሆኗል።

«ምን አደረግሽ? ይገድሉኛል እኮ!»

«እስከዛሬስ ማንን የገደሉ መሰለህ?»

ፓርኪንጉ ምሳ በሚወጡ ሠራተኞች ተሞልቷል። ዋርካ መስኮቱን ዝቅ አደረገ።

«ፍላሹ የታል?»

«ኡሳማን የሸጡት እርስዎ ነዎት፣ ጋሼ።»

ተናዳ እንኳ አንተ ማለት አቃታት። ራሷን ጠላች።

ሽማግሌው ሰዓቱን አየ። «ሰዓዲያ ትልካለች። ዘግይተሻል።»

ስልኳን ከፈተች። በሰዓዲያ ስም ፊት አዲስ መስመር አለ፦ «ይህ መለያ በተጠቃሚዋ ተሰርዟል።»

ሰዓዲያ ማስታወቂያውን አንብባለች።

ስልኩን አዙራ አሳየችው። መስኮቱ ቀስ ብሎ ተዘጋ።

ፍላሹን በፖስታ ለቡድኑ ጠበቃ ላከች። ሲም ካርዷን ክሊቭላንድ አቬኑ የተባለው ጎዳና ላይ ሰብራ ጣለች። በሳምንቱ «ልዑክ» ከገበያ ወጣ። ቢሩክ የት እንደገባ የሚያውቅ የለም።

በወሩ ኦቤትስ በተባለ ሰፈር፣ አንድ መጋዘን ውስጥ፣ የሺፍት ኃላፊዋ እትዬ ምህረት መዝገብ ይዘው መጡ።

«አዲሷ፣ ማን ልበልሽ?»

«ሉሉ።»

«ስትናገሪ ወሎዬ ትመስያለሽ። ከየት ነሽ?»

«ከብዙ ቦታ።»

ሰዓዲያ በሕይወት አለች፤ ኡሳማ የት እንደተቀበረ ታውቃለች። እሷ የት እንዳለች ግን ማንም አያውቅም፣ ሃጀርም ጭምር። የኡሳማ እናት ዛሬም ባገኙት ሰው ሁሉ ይጠይቃሉ።

ሉሉ ካርቶኑን ተሸክማ ከሌሎቹ መካከል ገባች።