በአቧራ የተመዘገበ ዓይን

«ዓይኑን ምን ነካው?» አለ የክሊኒኩ የሒሳብ ክፍል ሠራተኛ ወንዳፍራሽ፣ ጣቶቹን ኪቦርዱ ላይ እንዳሳረፈ።

«አቧራ ነው። ግቢ ሲጫወት ገብቶበት ነው» አለች እናትየዋ በቀለች፣ የስድስት ዓመቱን ኢፋን ወደ መስኮቱ እያስጠጋች።

ታላቅ እህቱ ላሊሴ ከእናቷ ጀርባ ቆማ መሬት መሬቱን ታያለች። አቧራ ነው የሚለውን የፈጠረችው እሷ ናት። አቧራ የሚባል ነገርማ በአጠገቡም አላለፈ! ጠዋት ስኒከሯን በበረኪና እያጠበች፣ በአንድ እጇ ስልኳን ይዛ ቲክቶክ ስታይ፣ አጠገቧ የቆመውን ወንድሟን ልብ ሳትለው ጫማውን አራገፈችው። በረኪናው ዓይኑ ውስጥ ገባ። እሷ እቴ፣ ከዓይኑ ይልቅ የእናቷ ቁጣ አስፈራት። ትንሽ ውሃ ቸለስ አድርጋለት «አቧራ ነው በላት፣ እሺ?» አለችው። አሁን ዓይኑ አብጦ አልገለጥ ብሏል።

በዚህ የሰበታ ዓይን ክሊኒክ የጤና መድን ያለው ሰው መጀመሪያ በወንዳፍራሽ መስኮት ያልፋል። እያንዳንዱ ጉዳት ኮምፒውተሩ ላይ የራሱ መለያ ቁጥር አለው፤ ወረፋውም በዚያው ይወሰናል።

«አቧራ ከሆነ ተራ ይጠብቃል» አለ ወንዳፍራሽ። «ኬሚካል ቢሆን አሁኑኑ ነበር የሚገባው፤ እሱ ዓይን ያጠፋል። እርግጠኛ ነዎት?»

ላሊሴ ዞር ብላ አየች። ከኋላ የተሰለፈው ሰው ሁሉ ጆሮውን ያቆመ መሰላት። በዚህ ሁሉ ሰው ፊት እንዴት ብላ ትናገር? ሐኪሙ ጋ ስንገባ ቀስ ብዬ እነግረዋለሁ አለች በሆዷ።

ወንዳፍራሽ ጎንበስ ብሎ ኢፋን አየው። «ጎበዙ፣ እስቲ አንተ ንገረኝ። ምን ገባብህ?»

ኢፋ በደህናው ዓይኑ እህቱን ፈለጋት። ካገኛት በኋላ «አቧራ ነው» አለ፤ እንባው በጉንጩ ይወርዳል።

ላሊሴ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። እያመመው፣ ለእሷ ብሎ ይዋሻል። ሐፍረቱ ፊቷን አቃጠላት። እናቷን ገለል አድርጋ መስኮቱን ያዘች።

«በረኪና ነው» አለች። «እኔ ነኝ የረጨሁበት። ያስዋሸሁትም እኔ ነኝ።»

«ማል ጄቴ? ምን አልሽ?» አለች በቀለች።

ላሊሴ ቀና ብላ ልታያት አልቻለችም፤ ግን ደገመችው። ወንዳፍራሽ የጻፈውን አጥፍቶ ነርስ ጠራ። ነርሷ ኢፋን አቅፋው ስትሮጥ ልጁ በትከሻዋ በኩል ዞረ።

«ላሊ፣ እኔ አልተናገርኩም እኮ» አለ።

«አውቃለሁ» አለች ላሊሴ እየተከተለችው። «እኔ ነኝ የተናገርኩት።»