የጥላው ድንጋይ

«የመርሳ ወንዝ አባቴን ሳያስፈቅድ አይፈስም፣ ወላሂ!» አለች ሀጂራ፣ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ። ነገ የወላጆች በዓል ነው፤ ስለ አባቷ ሥራ ንግግር እንድታደርግ ተመርጣለች።

«እንግዲያው ንገሪያቸውና ዝናቡንም ይዘዙልን» አለች ጓደኛዋ ገነት። «ጉረኛ!»

ሀጂራ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ቶሎ ደረቀ። ዘመኑ ስልሳ አምስት ነው። በልጉ ከድቷል፣ ሰኔም ገብቶ ሰማዩ ጠብታ አልወጣውም። ከሐራ በኩል የመጡ ሰዎች መንገዱ ዳር ተደርድረው ተቀምጠዋል። አይለምኑም፣ አያወሩም። ሕፃኖቻቸው እንኳ አያለቅሱም።

የሀጂራ አባት፣ ኑርሁሴን፣ የውሃ አባት ናቸው። እሷ ሳትወለድ እስላሙም ክርስቲያኑም መርጧቸው፣ ከወንዙ የተጠለፈውን ቦይ ለየማሳው በተራ ያከፋፍላሉ። ተራው የሚለካው በጥላ ነው። ቦዩ አፍ ላይ በትር ተተክሏል፤ የበትሩ ጥላ ከፊቱ ያለው ድንጋይ ጋ ሲደርስ ውሃው ወደሚቀጥለው ማሳ ይዞራል። ሙሽራ ሆነው እንኳ ከዳሱ ሹልክ ብለው ቦይ ሊያዞሩ ሄደዋል እየተባለ እስከ ዛሬ ይሳቅባቸዋል። በአንድ ነገር ግን ማንም አይስቅም፤ የራሳቸው ማሳ የሚጠጣው ሁሌ መጨረሻ ነው። ዘንድሮ ደግሞ ለመጨረሻው የሚተርፍ የለም።

ቤት ስትደርስ አባቷ ከዘራቸውን ይዘው ሲወጡ አገኘቻቸው። ከላይ በኩል፣ ወንድማማቾች በውሃ ተጣልተው ተፈናክተዋል።

«ሳይጋደሉ ልድረስ» አሉ። «አንቺ ቦዩን ጠብቂ። ተራው የጎረቤታችን የበላይነሽ ነው። ጥላው ሲደርስ ወደ እኛ አዙሪው።»

«እስከዚያ ውሃው ቢያልቅስ፣ አባዬ?»

«ካለቀ አለቀ» አሉና ሄዱ። ተረከዛቸው ከዓመት ዓመት ጭቃ እየረገጠ እንደ መሬቱ ተሰነጣጥቋል።

ቦዩ አፍ ስትደርስ ውሃው ክር አክሏል። ከቦዩ ማዶ የእነሱ ማሽላ ቅጠሉን ጠቅልሎ አንገቱን ደፍቷል። አሞራዎች ከላይ ይዞራሉ። ሰው አይታይም። ጥላው ገና ነው፤ ድንጋዩ ግን ትንሽ ነው። ወደ በትሩ ሳብ ቢደረግ ማን ያውቃል?

ተንበርክካ በሁለት እጇ ፈነቀለችው። ሳበችው። ጥላው ወዲያው ድንጋዩ ላይ ወጣ።

አካፋውን አነሳች። ከላይ በኩል ጩኸት ተሰማ፤ የሴት ነው፣ ረጅም። ቀጥሎ ዝም አለ። አባቷ እዚያ መሃል ናቸው፤ ከከዘራ በቀር ምንም አልያዙም። ሰው የሚሰማቸው በዚህ ድንጋይ የተነሳ ነው። ነገ ይህን ድንጋይ የሚያምን ከሌለ፣ እሳቸውን ማን ይሰማል?

አካፋውን ጣለችው። ድንጋዩን መልሳ፣ አሮጌው ጉድጓዱ ውስጥ እስኪገጥም አሽከረከረችው።

ቀና ስትል እትዬ በላይነሽ፣ ባል የሞተባቸው ጎረቤቷ፣ መቆፈሪያቸውን ጨብጠው ከቁልቋሉ ጀርባ ቆመዋል። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ አላህ ይወቅ። ሀጂራ ክው አለች፤ ቶሎ ግን ደረቷን ነፋች።

«ውሃዎን እየጠበቅሁልዎ ነው፣ እትዬ። ነገ በንግግሬ ‹አባቴ በሌሉበት እንኳ ተራ አይሰረቅም› እላለሁ።»

በላይነሽ ድንጋዩን አዩ፣ እጇን አዩ።

«መጀመሪያ የእጅሽን ጭቃ ታጠቢ» አሏት። «በእኔ ውሃ ግን እንዳይሆን።»