ከቃሬዛው ሥር

«አሮጊቷ ሞተች አሉ።»

ሰውየው ዓይኑን ከሳህኑ አላነሳም። ጎኑ የተቀመጠው ዋስኪቶ ሻዩን ያማስላል። መሀላቸው አግዳሚው ላይ የታጠፈ ጋዜጣ አለ። ለሚያያቸው የማይተዋወቁ ሁለት ምሳ በሊታዎች ናቸው።

«ዛሬ ጠዋት። እጄ ላይ» አለ ዋስኪቶ።

«አላህ ይማራት። ልጇስ?»

«እናቱ ሞታ የት ይቀራል?»

«ጎሽ!»

ሰውየው «ሐኪሙ» ነው የሚባለው። በዕድሜው አንድ ሰው እንኳ አክሞ አያውቅም፤ የስለላ መሥሪያ ቤታቸው ያወጣለት ስም ነው። ዋስኪቶን ደግሞ «እንሽላሊት» ይሉታል፤ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ የሚሰማ፣ ማንም ልብ የማይለው። የሚፈለገው «ቁራ» ነው። ቁራ ሃርጎ ነው፤ የሟቿ የቡ ፓርቲነም፣ የእማማ ፓርቲነም፣ አንድ ልጅ። ተማሪ እያለ ጓደኞቹ መኪና ላይ ተጭነው ሲጠፉ አይቷል። ማን እንደጫናቸውም ያውቃል። ያን ጊዜ የሸሸ ይኸው እስከ ዛሬ አልተገኘም። መልኩን የሚያሳይ የልጅነት ፎቶ ብቻ ቀርቷል።

«እናንተ ጃቫዎች» አለ ሐኪሙ፣ እሱ የሌላ ደሴት ሰው ነው፣ «ሬሳ ከቤት ሲወጣ ቤተሰቡ ከቃሬዛው ሥር ያልፋል አይደል? ሌላ ሰውስ?»

«ልጅና የልጅ ልጅ ነው የሚያልፈው።»

«በቃ! ሰዎቼ የሚያልፈውን ይዘው ይሄዳሉ። ፈርቶ ከቀረ ግን አንተ ፈልገው። አጠገቡ ቁምና ግንባርህን ጥረግ። መሀረቡ ጋዜጣው ውስጥ ነው።»

«ሰዎችህ እኔን ያውቁኛል?»

«የሚጠቁምና የሚይዝ መቼ ተዋውቆ ያውቃል? ሕጉን ረሳኸው እንዴ?»

«ፍርድ ቤት ነው የሚቀርበው። ብለኸኛል።»

«ፍርድ ቤት ነዋ! ምን ሆነሃል ዛሬ?»

ዋስኪቶ ጋዜጣውን በብብቱ ይዞ ተነሳ።

የኮታባሩን ሰፊ ጎዳና ተሻገረ። ተማሪዎች በሞተር ብስክሌት ያልፋሉ፤ የዮግያ ከተማ ሰው ሁሉ የሚኮራባቸው ትልልቅ ዛፎች ያው ጥላቸውን ጥለዋል። ከጎዳናው ጀርባ ደረጃ አለ። ደረጃው ቁልቁል ወደ ቾዴ ወንዝ፣ ቤቶቹ ጣራ ለጣራ ወደተደጋገፉበት ሰፈር ይወርዳል። ከላይ ያለው ሰው ወደ ታች አይመለከትም፤ ከታች ያለው ግን የላዩን ሁሉ ያያል።

ደረጃው ራስ ላይ ነጭ መኪና ቆሟል። አንድ ሰው ተደግፎት ሲጋራ ያጨሳል። ከጆሮው እስከ አንገቱ የቃጠሎ ጠባሳ አለበት።

ዋስኪቶ እርምጃውን ቀነሰ።

ጠባሳውን ያውቀዋል። ማላንግ ከተማ ሳለ መምህር ዳርሶኖ የሚባል ሰው ነበር፤ ሳል የማይለቀው ምስኪን። ዋስኪቶ ከፎቅ ላይ መጋረጃ ስቦ ጠቆመው። ይሄው ባለ ጠባሳ ክንዱን ይዞ ወሰደው። ያኔም ፍርድ ቤት ተብሎ ነበር። መምህሩ ወንዝ ውስጥ ተገኘ፣ አንድ እግሩ ጫማ የለውም። ከዚያ ወዲህ ዋስኪቶ የሰው ሬዲዮ ሲጠግን፣ ጣቢያ ከጣቢያ መሀል ሹሹታው ሲመጣ፣ ውስጡ የዳርሶኖን ሳል ይሰማል። ለማን ይነግረዋል?

ባለ ጠባሳው ባለበት ፍርድ ቤት የለም። ሐኪሙ ዋሽቶታል።

አንገቱን ደፍቶ አጠገቡ አለፈ። ሰውየው ዞሮም አላየው።

የቡ ፓርቲነም ቤት በሰው ተሞልቷል። ሴቶቹ ጓዳ ሩዝ ያጥባሉ፤ ወንዶቹ ደጅ የጃስሚን አበባ በክር ይሰካሉ። የሰፈሩ ሹም፣ አባባ ለማለት «ፓክ» የሚሉት ፓክ ጁሜኖ፣ እግሩን እየጎተተ ሁሉን ያዛል።

«ወንድም ዋስ! የት ጠፋህ? ሬሳ ጥለህ ምሳ ትበላለህ?»

«ይቅርታ ፓክ።»

«ይቅርታህን ያዝና ወንበር አውርድ!»

ወንበር አወረደ። ሁለት ዓመት እዚህ ቤት ተከራይ ሆኖ፣ ሬዲዮ ጠጋኝ ነኝ እያለ ኖሯል። በየቀኑ ቡ ፓርቲነም ለልጇ ሳህን ታቀርባለች። ሩዙ ሲቀዘቅዝ ሳህኑን ወደ እሱ ትገፋለች። «ብላ ልጄ፣ ዛሬም አልመጣም።» እሱ ይበላል፤ ማታ ስለ ልጇ የሰማውን ለሐኪሙ ያደርሳል። ዛሬ ጠዋት እጁን ይዛ የተናገረችው ደግሞ አንጀቱ ውስጥ ገብቶ ቀርቷል። «ሃርጎ ባይደርስ አንተ እለፍልኝ። ያለ ልጅ አልውጣ።» ማን እንደሆነ አውቃ ይሆን? ከሞተች ሰዓት ጀምሮ ጓዳው ሲንኳኳ ነጠላ ጫማዋ ይመስለዋል።

ከአበባ ሰኪዎቹ አንዱን አያውቀውም። ጎልማሳ ነው። ክሩ መርፌው ውስጥ አልገባ ብሎታል። አገጩ ግን ቁርጥ ቡ ፓርቲነም ነው! ጎረቤቶቹ ግራና ቀኝ ተጠግተው ተቀምጠዋል፤ አንዳቸውም ቀና ብለው አያዩትም። ሰፈሩ በሙሉ አውቆታል። ሰፈሩ በሙሉ አላየሁም ብሏል።

ዋስኪቶ አጠገቡ ተቀምጦ መርፌውን ተቀበለው።

«ከሥሯ አትለፍ» አለው ክሩን እያስገባ።

ሰውየው ደነገጠ። «ምን?»

«ያለፈ ሰው ዛሬ ይወሰዳል። ደረጃው ላይ ቆመዋል።»

«እናቴ ናት!» አለ ሰውየው። «ዓይኗን አልከደንኩ፣ ውሃ አላቀመስኳት። ይህንንም ልትከለክለኝ?»

«አዎ።»

«ማነህ አንተ?»

«በሳህንህ ስበላ የኖርኩ ሰው ነኝ። ልጠቁምህ ነበር የመጣሁት።»

የሃርጎ ዓይን ደም ለበሰ። ያንቀው ይሆን? ዋስኪቶ ቢያንቀውም አይፈርድበትም ነበር።

«ቃሬዛውን ከፊት ተሸከም» አለው። «ቀብሩ ሲያልቅ በወንዙ ውጣ፣ በደረጃው አትመለስ። ከቀናህ ደግሞ ስለ ጓደኞችህ ተናገር። ማላንግ ውስጥ ዳርሶኖ የሚባል መምህር ነበር። እሱንም አንሳው።»

መርፌውን መልሶለት ተነሳ።

ቃሬዛው ወጣ። ስድስት ሰዎች ወደ ላይ አነሱት። ከፊት ያለው ሃርጎ ነው። ከማዶ ጠባቡ መተላለፊያ ጋ ባለ ጠባሳው ከደረጃው ወርዶ ከሁለት ሰዎች ጋር ቆሟል።

«ልጅ ካለ ይለፍ!» አለ ፓክ ጁሜኖ።

ማንም ከቦታው አልተንቀሳቀሰም።

ላብ ወደ ዋስኪቶ ዓይን ወረደ፤ አቃጠለው። መሀረቡ ኪሱ ውስጥ ነው። ሃርጎ ከፊቱ ነው። ቢጠርግ ያበቃል፤ ነገ ሌላ ከተማ፣ ሌላ ስም፣ ሌላ ሳህን።

አልጠረገም።

አንድ እርምጃ ወጣ። ሰው ሁሉ ዞረ። ተከራይ ምን ያደርጋል እዚያ? አንዲት ሴት አፏን ልትከፍት ስትል ፓክ ጁሜኖ ቀደማት። ሽማግሌው መጀመሪያ ማዶ ያሉትን ሰዎች፣ ቀጥሎ ዋስኪቶን አየ። ገባው።

«ና ሃርጎ ልጄ!» ብሎ ጮኸ፣ ማዶ እንዲሰማ። «ና እለፍ! እናትህ ስትጠብቅህ ኖራለች!»

«ሃርጎ መጣ!» አለች ሴትየዋ ወዲያው። አለቀሰች፤ ለቅሶዋ ግን የእውነት ነበር።

ዋስኪቶ ጎንበስ ብሎ አለፈ። ዞሮ አለፈ። ልማዱ እንደሚለው ሦስተኛም አለፈ። በላዩ ቃሬዛው ሲጢጥ አለ፤ ከአበባው አንዱ አንገቱ ላይ ወደቀ። ሆዱ ባባና እንደ ልጅ አለቀሰ። ይህን ማስመሰል ማንም አላስተማረውም።

ቀና ሲል ክንዱ ተይዟል።

«ሃርጎ? በሰላም ና» አለ ባለ ጠባሳው።

ቃሬዛው ወደ መቃብር ሄደ። ከፊት ተሸካሚው ዞሮ አላየም። መዞር አይችልም ነበር።

መኪናው ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁት፤ የሸሸጉህ ሰዎች የት ናቸው? የቀኝ እጁን በር ውስጥ አድርገው ዘጉት። እንደገና ጠየቁት። በሩን እንደገና ዘጉት። ጊዜ መግዛት ነበረበት። ሃርጎ ወንዙን እስኪሻገር።

አመሻሹ ላይ ሐኪሙ ወደታሰረበት ክፍል መጣ። ሲያየው ፊቱ አመድ መሰለ።

«ውጡ!» አለ ሰዎቹን። በሩ ሲዘጋ «ምን አደረግክ አንተ?» አለው።

«ልጇ አልመጣም። ሰፈሩ አንተ እለፍላት አለኝ። እምቢ ብል ማንነቴ ይታወቅ ነበር።»

«ትዋሻለህ!»

«እንግዲያው ለአለቆችህ ንገራቸው። የራስህን ሰው አስይዘህ ጣቱን እንዳሰበርክ ጻፍላቸው።»

ሐኪሙ ሲጋራ አቀጣጠለ፤ ሳይስበው አለቀ። በመጨረሻ «ቁራ ተይዟል» አለ፣ ለራሱ እንደሚነግር። «ሊያመልጥ ሲል ወንዝ ገባ፣ ሞተ ተብሎ ይጻፋል። ማንም ከእንግዲህ አይፈልገውም። አንተም የለህም፤ ሂድ። ዳግም ባይህ፣ እውነት አደርገዋለሁ።»

ዓመታት አለፉ። ያ መሥሪያ ቤትም ፈረሰ አሉ።

በአንድ የወደብ ከተማ ገበያ ውስጥ በግራ እጁ የሚሠራ ሬዲዮ ጠጋኝ አለ። ምሳ ሲበላ ሁለት ሳህን ያቀርባል። ለማን ነው ሲሉት «ለአንድ መምህር» ይላል። እብድ ነው ብለው ትተውታል።

አንድ ቀን የአንዲት ዓሣ ነጋዴ ሬዲዮ ጠግኖ ሊሞክረው ከፈተ። ሹሹታ። ጆሮውን አዘነበለ፤ ሳሉን ጠበቀ። በሳሉ ፋንታ የሰው ድምፅ መጣ። ጎልማሳ፣ የዮግያ አነጋገር። የጠፉ ሰዎችን ስም እየጠራ ይመሰክራል።

«... ማላንግ፣ መምህር ዳርሶኖ። በመጨረሻም ስሙን የማላውቀው አንድ ሰው። በሳህኔ በላ፣ በስሜ ሞተ። እናቴን እሱ አለፈላት።»

ጠጋኙ ሬዲዮውን ዘጋው።

«ምን ሆንክ ወንድሜ?» አለች ዓሣ ነጋዴዋ። «የምታውቀው ሰው ነው?»

«አይደለም» አለ፤ የተጣመሙ ጣቶቹን ከጠረጴዛው ሥር ደበቀ። «ውሰጂው እቱ፣ አሁን ድምፁ ጥሩ ነው።»