ድልድዩ ላይ የተቀመጠው ቆርኪ

ገላን ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ሳህሌ የተባለ ሰው በገዛ ሳሎኑ ወለል ላይ በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። ማጅራቱን ያደቀቀው የብረት ዘነዘና አጠገቡ ወድቋል። ቀኑ እሁድ፣ ሰዓቱ ከጠዋቱ አራት ተኩል ነበር። ያገኘችው ሚስቱ ዳሲቱ ናት፤ የአምስት ወር ልጇን አዝላ ከገበያ ስትመለስ። ጩኸቷን ሰምቶ ጎረቤቱ ሁሉ ደረጃውን ሞላው። ከዚያ ሁሉ ሰው አንድ እንኳ «ምስኪን ሳህሌ» ያለ አልነበረም።

ሳጅን ፍቅሩ ነገሩን ለመጨረስ ሃያ ደቂቃ በቃው። በሩ ተቆልፎ ነበር፤ ከሟች ሌላ ቁልፍ ያላት ሚስትየው ብቻ ናት። ዘነዘናው የወጥ ቤቷ ዕቃ ነው። ክንዷ በልዟል፤ ጎረቤትም ቅዳሜ አመሻሽ ሳህሌ ሲደበድባት ሰምቷል። ፍቅሩ ዳሲቱን ይዟት ወደ ጣቢያ ሄደ። ሕፃኑ ቢፍቱ የምትባለው የፊት ለፊት ጎረቤት ዘንድ ቀረ፤ ጡጦ ሲሰጡት ፊቱን እያዞረ ሲያለቅስ ዋለ። ማክሰኞ ጠዋት ዳሲቱ ፍርድ ቤት ትቀርባለች፤ ፖሊስም ለምርመራ አሥራ አራት ቀን ይጠይቅባታል። ጡት ብቻ ለሚያውቅ ልጅ አሥራ አራት ቀን ምን ማለት እንደሆነ የሚያስረዳ ሕግ የለም።

ኢንስፔክተር አስካለማርያም የደረሰችው እሁድ ከሰዓት በኋላ ነው። አጭር፣ ወፍራም፣ ሰው ሲያወራ አፉን ሳይሆን እጁን የምታይ ሴት ናት። ስለ ሬሳው የጠየቀችው ጥቂት ነበር፤ ዓይኗ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ቀረ።

ጠረጴዛው ላይ የሁለት የሌሉ አገሮች ካርታ ተዘርግቷል፤ መሸፈኛው ጨርቅ ወለሉ ላይ ወድቋል። ወንዝ አለው፣ ኮረብታ አለው፣ ከተማ አለው፣ ድልድይ አለው። ካርታው ላይ ዘጠና ያህል የለስላሳ ቆርኪዎች ተደርድረዋል፤ እያንዳንዱ ቆርኪ ላይ ትንሽ ወረቀት ተለጥፎ ታንክ፣ መድፍ ወይም ሮኬት ተሥሎበታል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ጨዋታ ነው አሉ» አለ ፍቅሩ እየሳቀ። «የዘመኑ ጦርነት። ቴሌግራም ላይ ‹የጦር ጠረጴዛ› የሚባል ግሩፕ አላቸው፤ ሦስት መቶ አርባ ሰው ይከታተለዋል። ተጫዋቾቹ ከየቤታቸው ትእዛዝ ይልካሉ፤ ሟች ዳኛ ስለነበር እሱ ያንቀሳቅስላቸዋል። ሙሉ ካርታውን የሚያየው እሱ ብቻ ነው። ትልልቅ ሰዎች እኮ ናቸው፤ ሥራ ፈት ሁላ!»

አስካለማርያም ጎንበስ አለች። በካርታው አንድ ማዕዘን ላይ የደም ፍንጣሪ ደርቋል። አንዱን ቆርኪ በእስክሪብቶዋ ጫፍ ገለበጠችው። ደሙ ከቆርኪው ሥር ነበር፤ የቆርኪው ፊት ግን ንጹሕ ነው። ሁለተኛውንም፣ ሦስተኛውንም እንዲሁ አየች።

«ቆርኪ ነክተሃል?»

«ኧረ በጭራሽ!»

«እስቲ ውጣና በሩን ሳበው።»

ፍቅሩ ወጥቶ ሳበው። በሩ ቀጭ ብሎ ተቆለፈ። ሳጅኑ ቁልፍ ስላልነበረው ከውጭ አንኳኳ፤ ኢንስፔክተሯም ትንሽ አስጠብቃ ከፈተችለት።

ዳሲቱን ጣቢያ ሄዳ አነጋገረቻት። ቀሚሷ ደረቷ ላይ በወተት ርሷል፤ በነጠላዋ ልትሸፍነው ትሞክራለች።

«ለምን መታሽ?»

«ጠረጴዛውን ስወለውል አንድ ቆርኪ ስላንቀሳቀስኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ ዙሪያውን ነው የማጸዳው። ቅዳሜ ጨርቁ አመለጠኝ።»

«ቆርኪዎቹን ትለያቸዋለሽ?»

«በምን ዕውቀቴ! ለኔ ሁሉም አንድ ነው።»

«ከመታሽ በኋላ ምን አደረገ?»

«ቆርኪውን መለሰ። ከዚያ ወንበር ላይ ወጥቶ ካርታውን ፎቶ አነሳው። ሁልጊዜ ሲጨርስ እንደዚያ ያደርጋል።»

«ቤታችሁ የሚመጣው ማን ነው?»

«ጋሽ ዘአማኑኤል፣ ሶሊያናና ወንድሜ ጂራታ። ሲመጡ ካርታውን በጨርቅ ይሸፍንባቸዋል። ሌላው በስልክ ነው።» ከዚያ የኢንስፔክተሯን እጅ ያዘች። «ጂራታን ይጠይቁት፤ እሱ እንዳልገደልኩ ያውቃል። ልጄ በልቷል ወይ?»

አስካለማርያም መዋሸት አልወደደችም። «እያለቀሰ ነው» አለቻት።

ጋሽ ዘአማኑኤል ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኛ ናቸው። አቃቂ ካለው ቤታቸው በር ላይ ተቀምጠው በፀሐይ እግራቸውን ያሞቃሉ። በጨዋታው የጥቁሩ ጦር አዛዥ እሳቸው ናቸው።

«ዛሬ ጠዋት የት ነበሩ?»

«እዚሁ፣ ብቻዬን። መስካሪ የለኝም።»

«ሳህሌ ምን ዓይነት ሰው ነበር?»

«ክፉ። ግን ጎበዝ ዳኛ!» ሽማግሌው ፈገግ አሉ። «የተሸነፈን ሰው መርዶ ጽፎ ግሩፑ ላይ ይለጥፍ ነበር። ‹እገሌ የሚባል አዛዥ አርፏል፣ ለቅሶ የለም› እያለ። በሳቅ ነው የምንሞተው።»

«በዚያ በደም በተነካው ማዕዘን ያለው ጥቁር ቆርኪ አንድ ብቻ ነው፤ ሮኬት። የእርስዎ ነው። የት ነው ያስቀመጡት?»

«ያንንማ አልናገርም። ጨዋታው አላለቀም።»

«ዳኛው እኮ ሞቷል፣ ጋሽ ዘአማኑኤል።»

«ሌላ ዳኛ ይሾማል።»

እሷም ወንበር ስባ ተቀመጠች። ሽማግሌው ከብዙ ልመና በኋላ ቦታውን በትንሽ ወረቀት ጽፈው፣ አራት ቦታ አጥፈው ሰጧት። አስካለማርያም አንብባ ወደ ቦርሳዋ ከተተችው፤ ግንባሯ ግን ተቋጠረ።

ሶሊያና ቱሉ ዲምቱ ሰፈር ባለ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። እሷና ጂራታ የነጩ ጦር አዛዦች ናቸው።

«እውነቱን ልንገርሽ፣ ጂራታ አሳዝኖኛል» አለች ለደንበኛ ሽሮፕ እየጠቀለለች። «ቅዳሜ ሳህሌ ከግሩፑ አስወጣው። አንድ ውሳኔ ላይ ተከራክሮት ነበር። ልጁ በውስጥ የላከውን ድምፅ ለሁሉም ለቀቀበት። አልሰማሽውም?»

አሰማቻት። ድምፁ የጎልማሳ ወንድ ነው፤ ይነፋረቃል። «ጋሽ ሳህሌ፣ በናትህ ክፍለ ጦሬን አትውሰድብኝ፤ ከሱ ሌላ ምንም የለኝም» ይላል። ከሥሩ የሚስቁ ቢጫ ፊቶች ተደርድረዋል። ከሚስቁት አንዷ ሶሊያና ነበረች።

«አንቺም ስቀሻል።»

«ሁሉም ሲስቅ ነው እንጂ…» ሽሮፑን ደንበኛው ፊት ገፋችው። «ክፍለ ጦሩን ለኔ ሰጠኝ። የመጨረሻው ዙር ዛሬ ማታ ሊካሄድ ነበር።»

«የዘአማኑኤል ሮኬት የት ነው ያለው?»

«አላውቅም። ከወንዝ ማዶ ከተማው ውስጥ ይመስለኛል። ጂራታ ሮኬቱን ፍለጋ ድሮን ልኮ ያገኘውን ሪፖርት ሳህሌ ዛሬ እሰጥሻለሁ ብሎኝ ነበር። እስከዚያ አንዱ የሌላውን ሪፖርት አያይም። ሕግ ነው።»

«ጂራታ ራሱ አልነገረሽም?»

«እሱ? ሪፖርቱን እንደ ዓይኑ ብሌን ነው የሚጠብቀው!»

ጂራታን ሰኞ ጠዋት ቢፍቱ ቤት አገኘችው። የሃያ ሰባት ዓመት ልጅ ነው፤ የሸክላ ንጣፍ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራል። የእህቱን ልጅ ታቅፎ የዱቄት ወተት ሊያጠጣው ይታገላል፤ ሕፃኑም ጡጦውን በምላሱ ይገፋዋል።

«እህቴ ዶሮ እንኳ አታርድም» አላት ገና ሳትጠይቀው። «ትፈታለች አይደል?»

«አንተ እሁድ ጠዋት የት ነበርክ?»

«ተኝቼ ነበር። ሌሊት አልተኛሁም። ከግሩፕ ወጣሁ እኮ! ሁለት ዓመት ያዋጋሁትን ክፍለ ጦር በአንድ ንክኪ ቀማኝ።»

«ስለዚህ ሮኬቱ የት እንዳለ አታውቅም።»

ልጁ ቀና አለ። ከገባች ጀምሮ ፊቱ እንዲህ አልበራም።

«እንዴት አላውቅም! ድልድዩ ላይ ነዋ። ያገኘሁት እኔ ነኝ፤ ዓርብ ዕለት፣ በአንድ ድሮን። ከኔ ሌላ ማንም አያውቅም።»

«ጎበዝ ነህ» አለችው። ሕፃኑ እንደገና ማልቀስ ጀመረ።

ሰኞ እኩለ ቀን ላይ የሳህሌ ስልክ በባለሙያ ተከፈተ። ከሰዓት በኋላ በዘጠኝ ሰዓት ሁሉም ሳሎኑ ውስጥ ተሰበሰቡ፤ ጋሽ ዘአማኑኤል ሶፋው ላይ፣ ሶሊያና መስኮቱ ሥር፣ ጂራታ ከጠረጴዛው አጠገብ። ፍቅሩ ዳሲቱን ይዞ ገባ። ከፊት ለፊት ቤት የሕፃኑ ለቅሶ ይሰማል። ዳሲቱ ዞር ዞር እያለች በሩን ታያለች።

«ቶሎ እጨርሳለሁ» አለች አስካለማርያም። «መጀመሪያ በሩ። ሲሳብ ራሱ ይቆለፋል። ሳህሌ ከፍቶ ያስገባው ሰው ለመውጣት ቁልፍ አያስፈልገውም። ሳጅን ፍቅሩ ይህን ትናንት ደረጃው ላይ ቆሞ ተረድቷል።»

ፍቅሩ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ሁለተኛ፣ ደሙ ከቆርኪዎቹ ሥር ነው ያለው። ሰውየው ሲመታ መሸፈኛውንና ጠረጴዛውን ይዞ ወደቀ፤ በዚህ ማዕዘን የነበሩት አሥራ አንድ ቆርኪዎች ተበተኑ። ገዳዩ ለቅሞ መለሳቸው። ሬሳ እግሩ ሥር ተዘርግቶ፣ ቆርኪ ይደረድር ነበር።»

«ለምን?» አለች ሶሊያና።

«የተበተነ ካርታ ብናገኝ ገዳዩን ከተጫዋቾቹ መሀል እንፈልግ ነበር። ካርታው ከተስተካከለ የምትቀረው ሚስት ብቻ ናት። ዳሲቱ ቆርኪ ከቆርኪ አትለይም፤ ስለዚህ የደረደረችው እሷ አይደለችም። ቦታቸውን የሚያውቅ ተጫዋች ነው።»

ስልኩን አነሳች። «ሳህሌ ቅዳሜ አመሻሽ ካርታውን ፎቶ አንስቷል። አሥሩ የጂራታ ቆርኪዎች ዛሬም እንደ ፎቶው ናቸው፤ አንዲት ጣት አልተዛነፉም። አሥራ አንደኛው የጋሽ ዘአማኑኤል ሮኬት ነው። እሱ ዛሬ ድልድዩ ላይ ተቀምጧል። ፎቶው ላይ ግን ድልድዩ ባዶ ነው።»

ጂራታ ካርታውን ያያል።

«ገዳዩ ጋሽ ዘአማኑኤል ቢሆኑ የራሳቸውን ሮኬት ትክክለኛ ቦታው ላይ ይመልሱት ነበር፤ የጻፉልኝ ከፎቶው ጋር አንድ ነው። ሶሊያና ብትሆን ከተማው ውስጥ ታስቀምጠው ነበር። ‹ድልድዩ ላይ ነው› ብሎ የሚያምን ሰው በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው። ጂራታ፣ በጨዋታችሁ ሕግ ድሮን ሲላክ ዳኛው በድብቅ ዳይስ ይጥላል፤ አንድ ከመጣ ድሮኑ ይታለላል፣ ላኪውም የውሸት ቦታ ይነገረዋል። ሳህሌ ዓርብ ማስታወሻው ላይ ‹ጂራታ፣ ዳይስ አንድ፣ የውሸት ቦታ ድልድይ› ብሎ ጽፏል። የውሸት ሪፖርቱ ለአንተ ብቻ ነው የተላከው። አንተም ከወለል ያነሳኸውን ሮኬት የተነገረህ ቦታ ላይ አስቀመጥከው።»

ዳሲቱ ቀስ ብላ ወደ ወንድሟ ተጠጋች።

«ጂራዬ፣ ለኔ ብለህ ነው አይደል? ክንዴን አይተህ ነው። ንገራቸው።»

ፍቅሩ እንኳ ልቡ ራራ። «እንደዚያ ከሆነ ተናገር፣ ወንድሜ። ዳኛም ያይልሃል» አለው።

ጂራታ ቀና አላለም። ድምፁ ሲወጣ የጨነቀው የትምህርት ቤት ልጅ ድምፅ ነበር።

«ድልድዩ ላይ ካልነበረ፣ የት ነበር?»

ሽማግሌው ራሳቸውን መግታት አቃታቸው። ከሶፋው ተነሥተው በጣታቸው ከኮረብታው ጀርባ ነኩ። «ከኋላህ፣ ልጄ። እዚህች ጋ። ወደ ድልድዩ ብትገባ ኖሮ በአንድ ዙር ነበር የምትበላው!» ብለው ሳቁ፤ የሳቀላቸው ግን አልነበረም።

«እሸነፍ ነበር ማለት ነው» አለ ጂራታ። ጠረጴዛውን በሁለት እጁ ያዘ። «ክፍለ ጦሬን መልስልኝ ብዬ ተንበርክኬ ለመንኩት። ስልኩን አውጥቶ ይቀርጸኝ ጀመር። እሸነፍ ነበር ለካ።»

«እኔ ጣቢያ ታስሬ ስቀመጥ፣» አለች ዳሲቱ፣ «ልጄ እዚህ ሲያለቅስ፣ ታቅፈኸው ነበር አሉ።»

«ይፈቱሻል ብዬ ነበር።»

ክንዷን በነጠላዋ ሸፈነችው። ‹ለእህቱ ብሎ ነው› የሚያሰኘውን ምክንያት ራሷ ይዛለት መጥታ ነበር፤ እሱ ዞር ብሎ እንኳ አላየውም። አስካለማርያም በሙያዋ ብዙ ገዳይ አይታለች፤ እንዲህ የጠላችው ግን ጥቂት ነው።

ፍቅሩ ጂራታን በካቴና አሰረና ቅጹን አወጣ። ጣቢያ የታሰረ ሰው የሚበላው ከቤቱ የሚመጣለትን ነው።

«ስንቅ የሚያመላልስለት ማን ተብሎ ይመዝገብ?»

ሁሉም ወደ ዳሲቱ ዞሩ። ጂራታም በዚያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ እህቱን አያት።

«ማንም የለውም ብለህ ጻፍ» አለች፤ በሩን ከፍታም ልጇን ልታጠባ ሄደች።

ፍቅሩ ኢንስፔክተሯን አያት። እሷ ምንም ስላላለች እንደተባለው ጻፈ።