ሪሐብ ደብዳቤውን ሳታነብ

ሶልያና የትምህርት ቤቱን ሽንት ቤት በር ከውስጥ ቆልፋ መልእክቱን ለሦስተኛ ጊዜ አነበበችው። እናቷ ሁልጊዜ በድምፅ ነበር የምትልክላት፤ ዛሬ ግን ጽፋለች።

«የሪሐብ አክስት ቤት ትናንት በቦንብ ተመቷል። ሐናን ሞታለች። የሪሐብን እናት ከሥራ ወደ ቤቷ ወስጃታለሁ፤ መናገር አቅቷታል። ልጅቷ ምሳዋን ትብላ፣ ትምህርቷንም ትጨርስ። ማታ ሰው ይዘን ሄደን እናረዳታለን። አትንገሪያት። ፊትሽ እንዳይታወቅ።»

ሶልያና ሐናንን አይታት አታውቅም። ድምጿን ግን ታውቀዋለች። ሪሐብ ከጋዛ የሚመጣላትን መልእክት አውቶቡስ ላይ ስትከፍተው ከሴትዮዋ ድምፅ ኋላ ሁሌ አንድ ዶሮ ይጮኻል። አሁን መጀመሪያ የመጣባት ሐሳብ «ዶሮውስ?» የሚል ነበር። በራሷ አፈረች። ፊቷን ታጥባ ወደ ምሳ አዳራሹ ተመለሰች።

«ሶሊ! እዚያው ልትኖሪ ነው እንዴ?» አለች ሪሐብ። «ቺፕስሽን ጨርሼልሻለሁ። ለጤናሽ አስቤ ነው።»

ሶልያና ሳቀች። ሳቁ ከራሷ አፍ መውጣቱ አስደነገጣት።

ሪሐብ ከኪሷ የታጠፈ ወረቀት አወጣች። ከምሳ በኋላ እሷና ያኤል በአሥረኛ ክፍል ተማሪዎች ሁሉ ፊት ቆመው የሚያነቡት የጋራ ደብዳቤ ነበር። የያኤል የአጎት ልጅ ኤሊ ጦርነቱ በጀመረበት ቀን እስራኤል ውስጥ ተገድሏል። የሪሐብ ዘመዶች ጋዛ ናቸው። ሁለቱ ልጆች አንድ ወር ሙሉ ተኮራርፈው ከርመው፣ በኋላ በሰፈራቸው አርችዌይ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ እየተቀመጡ ይህን መጻፍ ጀመሩ። «ሰላም» የሚለውን ቃል ብቻ አራት ጊዜ ሰርዘው መልሰው ጽፈውታል።

«ይቺን ስሚልኝማ» አለች ሪሐብ። «“አክስቴ ሐናን ዱቄት ባገኘች ቁጥር ለጎረቤት ልጆች ጭምር ትጋግራለች። አንድ ቀን ያኤልን ይዤ እንድሄድና ከዳቦዋ እንድንበላ ጋብዛናለች።” እዚህ ላይ ቀስ ልበል ወይስ ቶሎ ልለፈው?»

ሶልያና ሹካዋን አስቀመጠች። «ቀስ… ቀስ በዪ» አለች። «መጣሁ።»

ያኤልን ያገኘቻት ከስብሰባ አዳራሹ መድረክ አጠገብ ማይክሮፎን ስትሞክር ነበር። ጎትታ ወደ መጋረጃው ኋላ ወሰደቻትና ነገረቻት። ያኤል ቀስ ብላ ደረጃው ላይ ተቀመጠች።

«ሐናን? ባለ ዳቦዋ?»

«አዎ።»

«ሪሐብ አሁን መጥታ እኮ አክስቴ በሕይወት አለች ብላ ልታነብ ነው!»

«እናቴ አትንገሪያት ብላኛለች። እኛ ዘንድ መርዶ እንዲህ በዘፈቀደ አይነገርም። ሰውየው በልቶ፣ ሰው ተሰብስቦ…»

ሶልያና ንግግሯን አልጨረሰችም። አያቷ ገብረመድኅን ሲሞቱ ፈተና ላይ ናት ተብሎ ሁለት ሳምንት ደብቀዋታል። በነዚያ ሁለት ሳምንታት ለልደታቸው ዘፍና ቀድታላቸው ነበር። እናቷ «ልኬላቸዋለሁ፣ ደስ ብሏቸዋል» አለቻት። ለፍቅር ብለው እንዳደረጉት ታውቃለች። ያንን ዘፈን ግን እስከ ዛሬ መስማት አትችልም።

«ኤሊ ሲሞት እኔም ከሁሉም መጨረሻ ነው የሰማሁት» አለች ያኤል። «እናቴ እያወቀች እኔ ሳሎን ውስጥ ስጨፍር ነበር። ሶሊ፣ ንገሪያት። አሁኑኑ።»

«አብረሽኝ ነይ።»

ያኤል ወደ ኋላ ሸሸች። «እኔ? እኔን ስታይ ምን እንደሚሰማት አስበሻል? አክስቴ እስራኤል ነው ያለችው። ልጇ እዚያው ወታደር ነው። እኔ አልችልም።»

«መርዶ ብቻውን የሚያረዳ የለም» አለች ሶልያና። «ሌላ ሰው ደግሞ የለኝም።»

ያኤል ከደረጃው ተነስታ ከመድረኩ ጠረጴዛ ላይ አንድ ብርጭቆ ውኃ ቀዳች።

ሪሐብ ገብታ አዳራሹ በር አጠገብ ወረቀቷን እያየች ከንፈሯን ታንቀሳቅስ ነበር። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲመጡ አይታ ሳቀች።

«ምንድን ነው፣ ልታስሩኝ ነው? ውኃው ለማነው?»

«ነይ፣ ቁጭ በዪ» አለች ሶልያና።

«ለምን? ሊጀመር እኮ…»

«ሪሐብዬ። ቁጭ በዪ።»

ሪሐብ በሩ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ሶልያና ፊት ለፊቷ ተንበርክካ ሁለት እጆቿን ያዘች። እናቷ ማታ እንዴት እንደምታዋዛው፣ ከሩቅ እንዴት እንደምትጀምረው ታውቃለች። እሷ ግን ያን ማድረግ አልቻለችም።

«የሐናንን ቤት መትተውታል» አለች። «ሐናን የለችም።»

ሪሐብ አላለቀሰችም። ወረቀቱን አየች፣ ሶልያናን አየች፣ ከዚያም ዓይኗ ያኤል ላይ ቀረ። ያኤል ብርጭቆውን በሁለት እጇ ይዛ ቆማለች። አንድ እጇን አላቃ ወደ ሪሐብ ትከሻ ዘረጋች።

«አትንኪኝ» አለች ሪሐብ።

ያኤል እጇን ሰበሰበች። ብርጭቆውን መሬት ላይ አስቀምጣ ዞረች። አንድ እርምጃ ተራመደች፣ ሁለት።

«አትሂጂ ግን» አለች ሪሐብ፣ በጭንቅ በሚሰማ ድምፅ።

ያኤል ተመለሰች። ትንሽ ራቅ ብላ መሬት ላይ ተቀመጠች። ሪሐብ ከወንበሩ ተንሸራታ ወለሉ ላይ ወረደች፤ ወረቀቱ ገና እጇ ላይ ነበር። የደወሉ ድምፅ ተሰማ፤ ተማሪዎች እየተሳሳቁ በኮሪደሩ መምጣት ጀመሩ።

የሶልያና ስልክ ኪሷ ውስጥ ነዘረ። «በላች?» ይላል።

በአንድ እጇ ጻፈች፦ «እማዬ፣ ነግሬያታለሁ። ብቻችንን አይደለንም።» ስልኩን ዘጋች። ተነስታ የአዳራሹን በር በውስጥ በኩል ገጥማ ጀርባዋን አስደግፋ ቆመች። ከውጭ ሰው ሲገፋ እግሯን አጠናክራ ተከለች።