የትርንጎ እድፍ

የስንዱ በር ሰውን ሳያጥብ አያስገባም። በቬነስ ደመና ላይ በምትንሳፈፈው በጉም ከተማ እንዲህ ያለው አጣቢ በር ብርቅ አይደለም፤ የሚገባውን ሰው ከጠጉሩ እስከ ጫማው በመድኃኒት እንፋሎት ይነፋዋል፣ ዓይን ትንሽ ያቃጥላል፣ አለቀ። ሌላው ሰው እንፋሎቱን የሚከፍተው በሽታ ገባ ሲባል ብቻ ነው። ስንዱ ግን አንድም ቀን ዘግታው አታውቅም።

ያን ቀን ከሥራ ስትመለስ ከጎረቤቷ ከትርንጎ ቤት የልጆች ጫጫታ ሰማች። የመተላለፊያው ልጅ በሙሉ እዚያ ነው። የትርንጎ ቆሮሶ ዛሬም ፈልፍላለች ማለት ነው። ስንዱን ቅናት አሳረራት።

ቆሮሶ ከምድር ሐይቆች የመጣ ዓሣ ነው። ዘሩ እንዳይጠፋ የጉም ከተማ ሰው ሁሉ ሳሎኑ ውስጥ በመስታወት ገንዳ ወንድና ሴት ያኖራል። ዓሦቹን የሚያድለው የከተማው ዓሣ ባንክ ሲሆን፣ ሦስት ጊዜ የሞቱበት ሰው ዳግመኛ አይሰጠውም፤ ገንዳው ተነሥቶ ለተሳካለት ጎረቤት ይተላለፋል። ስንዱ ሁለት ጊዜ ሞተውባታል። የተሳካለት ጎረቤት ማን እንደሆነ ደግሞ ማንም እንዲነግራት አያስፈልግም።

ቅናቷን የሚያብሰው ትርንጎ አንዳችም ነገር አለማድረጓ ነበር። የሙዚቃ አስተማሪ ናት፤ ቤቷ የተዝረከረከ፣ የገንዳዋ መስታወት አረንጓዴ ሽበት ያወጣ፣ ማጣሪያዋ ውስጥ ያለው ስፖንጅ የጠቆረ። ትዝ ሲላት የውሃውን ሩብ ቀድታ ትደፋና በአዲስ ትተካለች፤ ለዓሦቹም ቆንጠር አድርጋ ትበትናለች፣ በቃ። የአየር ማጥሪያ መሐንዲሷ ስንዱ ግን ገንዳዋን እንደ ልጅ ነው የምታጥበው። ጠራጊ ብናኝም ትጨምራለች፤ ከአቧራ ያነሱ ማሽኖች ናቸው፣ ውሃው ውስጥ ተበትነው ያገኙትን ሻጋታና ተሕዋስ ይበላሉ። ትንሽ ይበቃል ተብሎ ተጽፎበታል። እሷ በማንኪያ ነው። ውሃዋ ከመጥራቱ የተነሣ ዓሦቹ አየር ላይ የተሰቀሉ ይመስላሉ።

ያም ሆኖ በዚህኛው ዙር ሴቷ እንቁላል ጣለች፤ ቆሮሶ እንደምታደርገውም እንቁላሎቹን ለቅማ አፏ ውስጥ ያዘች። ወሬው ትርንጎ ጋ ሳይደርስ አልቀረም፤ ማምሻውን ክዳን ያለው ሳህን ይዛ፣ በበሩ እንፋሎት እየሳለች ገባች።

«ስንድዬ፣ እንኳን ደስ ያለሽ! ይኸው፣ ማጣሪያሽ ውስጥ ክተቺው።»

«ምንድን ነው?»

«የእኔ ስፖንጅ ግማሹ። እናቴ ለጎረቤት ስትሰጥ ነው ያደግሁት። ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ገድ አለው መሰለኝ።»

ስንዱ ክዳኑን ከፈተች። የኩሬ ጭቃ ሸተታት። ልጆቹን ሰብስባ ካሳረረችኝ በኋላ እድፏን ላከችልኝ፣ አለች በልቧ። በአፏ ግን «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ሸኘቻት፤ በሩ እንደተዘጋም ስፖንጁን ማቃጠያው ውስጥ ጣለችው። ንዴቷ አልበርድ ቢላት አንድ ማንኪያ ብናኝ ጨመረች።

ጠዋት ወንዱ በጎኑ ተንሳፍፎ አገኘችው። ሴቷ ውሃው ጫፍ ላይ ወጥታ ትንቀጠቀጣለች፤ አፏን ብትከፍት እንቁላሎቹ ይፈስሳሉ፣ ባትከፍት ትታፈናለች።

ስንዱ የውሃ ምላሷን ነከረች። የውሃ ምላስ የነካውን ነገር ቀምሶ የሚናገር ዘንግ ነው፤ እስከ ዛሬ ስለ ቆሻሻ ብቻ ነበር የምትጠይቀው።

«ምን አለበት?»

«አሞኒያ፤ ከመጠን በላይ። የዓሦቹ ሽንት ነው።»

«ብናኞቹ ለምን አልበሉትም?»

«ብናኝ የሚበላው ሕይወት ያለውን ነው። አሞኒያን የሚበሉት ስፖንጅ ላይ የሚኖሩ ተሕዋስያን ናቸው።»

«የታሉ ታዲያ?»

«የሉም» አለ ዘንጉ። «ውሃው ንጹሕ ነው።»

ስንዱ ብናኞቹን በማግኔት ሰብስባ አወጣች፣ የውሃውንም ሩብ ቀየረች። ይህ ግን ማስታገሻ ነው፤ ተሕዋስያኑ እስኪባዙ ሳምንታት ይፈጃል፣ ዓሣዋ ደግሞ ማምሸቷም ያጠራጥራል። መድኃኒቱ ትናንት በእጇ ገብቶ ነበር፤ በገዛ እጇ አቃጠለችው።

የትርንጎ በር ሲንኳኳ ወዲያው ተከፈተ፤ የሚያጥብ ነገር የለውም።

«የሰጠሽኝን ጣልኩት» አለች ስንዱ እዚያው ደጃፉ ላይ።

«ስፖንጁን? ለምን?»

«የሰደብሽኝ መስሎኝ። ቀንቼብሽ ነው፣ ትርንጎ። ልጆቹ አንቺ ጋ ሲስቁ እንቅልፍ አይወስደኝም። አሁን ዓሣዬ እየሞተችብኝ ነው።»

ትርንጎ አፏን በእጇ ያዘች። «አንቺ? በእኔ? እኔ እኮ ያንቺን ቤት አይቼ በመጣሁ ቁጥር ባሌን ስነዘንዝ ነው የማመሸው! ትጸየፊኛለሽ ብዬ አይደል አንድ ቀን እንኳ ግቢ ያላልኩሽ።»

ወደ ገንዳዋ ሮጣ የቀረውን ስፖንጅ ለሁለት ቆረጠችው።

«እናትሽ ከየት አመጣችው?» አለች ስንዱ ስትቀበላት።

«ከምድር ስትመጣ ሁሉን ነገር ቀቅላችሁ ግቡ ተባሉ። እሷ ስንፍናዋን ታውቂው የለ፤ ደከማትና ስፖንጁን በእርጥብ ካልሲ ጠቅልላ አሳለፈችው። ከዚያ ለዚህም ለዚያም ቆርሳ ሰጠች።»

ስንዱ አንገቷን ደፋች። የከተማው ዓሣ ሁሉ የሚኖረው በአንዲት ሰነፍ ሴት ካልሲ ነው፤ እሷ ደግሞ ዕድሜዋን የፈጀችው እንዲህ ያለውን ካልሲ ስትቀቅል።

ሴቷ ዓሣ ዳነች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አፏን ስትከፍት እንደ ጤፍ የደቀቁ ጫጩቶች ወጡ፤ የስንዱ ጥላ ቢያስደነግጣቸው ተመልሰው አፏ ውስጥ ገቡ። ስንዱ ጮክ ብላ ሳቀች። የምታሳየው ሰው ፈልጋ ዞር ብትል ግን ሳሎኑ ውስጥ ማንም የለም፤ ልጅማ ረግጦትም አያውቅም። ልጆቹ የበሯን እንፋሎት ስለሚፈሩ አይመጡም።

የውሃ ምላሱ እጇ ላይ ነበር። ምን እንደነካት አታውቅም፣ ወደ ክፍሉ አየር ቀሰረችው።

«ምን አለበት?»

«ምንም» አለ ዘንጉ። «ንጹሕ ነው።»

ስንዱ ደነገጠች። ሄዳ የአጣቢውን በር የኤሌክትሪክ ገመድ ከነሥሩ ነቀለችና በመተላለፊያው ተጣራች፤

«ልጆች! ኑ፣ ጫማችሁን ሳታወልቁ ግቡ!»